ፕሮፌሰር ፖል ሳባቲዬ፡- ከፓሪስ ይልቅ ክፍለ ሀገርን የመረጡ የኬሚስትሪ ሊቅ

የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1912 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ለሁለት ፈረንሣውያን ፕሮፌሰሮች አካፍሎ ሰጠ። ከተሸላሚዎቹ አንዱ ቪክቶር ግሪኛር በምሥራቅ ፈረንሣይ በምትገኘው የናንሲ ከተማ፣ ሌላው ፖል ሳባቲዬ ደግሞ በደቡብ በምትገኘው ቱሉዝ ያስተምሩ ነበር። ሁለቱም ፓሪስ ውስጥ ወንበር አልነበራቸውም። ሹመቱ፣ በጀቱ፣ አካዳሚውና ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች በአንድ ዋና ከተማ ተጠቃልለው በሚኖሩበት አገር ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አልነበረም።

ሳባቲዬ የተሸለሙበት ሥራ ተራ በሚመስሉ ብረቶች፣ በተለይም በኒኬል፣ አማካይነት ጋዞችን ከሃይድሮጂን ጋር የማዋሃድ ዘዴ ነው። ዛሬ በዓለም ልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች ከፋብሪካ ጭስ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ጠቃሚ ጋዝና ነዳጅ ለመለወጥ ምርምር ይካሄዳል። በዚሁ መስክ ከፍተኛ ትኩረት ካገኙት መካከል በአንድ በአንድ ተነጣጥለው የተቀመጡ የብረት አቶሞች ይገኙበታል። ተመራማሪዎቹ የትኛው ብረት ለሥራው እንደሚስማማ ሲመዝኑ የሚመሩበት መርህ ደግሞ እኚህ የቱሉዝ መምህር ከመቶ ዓመት በፊት ያፈለቁት ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ፖል ሳባቲዬ እ.ኤ.አ ኅዳር 5 ቀን 1854 በደቡብ ፈረንሣይ በምትገኘው የካርካሶን ከተማ ተወለዱ። ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በዚሁ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸውና በቱሉዝ ተከታትለው በ1874 ፓሪስ ወደሚገኘውና ለመምህርነት የሚታጩ ምርጥ ተማሪዎች ወደሚሠለጥኑበት ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ገቡ። በ1877 ከባልደረቦቻቸው ሁሉ አንደኛ ሆነው ተመረቁ። ለአንድ ዓመት በኒም ከተማ ፊዚክስ ካስተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ ተመልሰው በኮሌዥ ደ ፍራንስ የታዋቂው ኬሚስት የማርሰላን በርቴሎ ረዳት ሆኑ። በ1880 ስለ ድኝና የብረት ውሁዶቹ ሙቀት ባቀረቡት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

በርቴሎ በዘመኑ የፈረንሣይ ኬሚስትሪ ዋና ባለሥልጣን ነበሩ ማለት ይቻላል። ከሳይንሱ ባሻገር በፖለቲካውም ገፍተው የትምህርት ሚኒስትር፣ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። እኚህ ኃያል ሰው ግን አቶም የሚባለውን ነገር አይቀበሉም ነበር፤ ማንም በዓይኑ ያላየውን ቅንጣት የትምህርት መሠረት ማድረግ ተገቢ አይደለም የሚል አቋም ነበራቸው። የእሳቸውን አስተሳሰብ መቃወም ዋጋ እንደሚያስከፍል የፊዚክስ ሊቁ የፒየር ዱሄም ታሪክ ያሳያል። ዱሄም የበርቴሎን መርህ የሚነቅፍ የዶክትሬት ጽሑፍ በማቅረባቸው ጽሑፉ ውድቅ ተደርጎባቸው፣ የሥራ ዘመናቸውንም ከፓሪስ ውጭ አሳልፈዋል። አቶም በይፋ በማይወደድበት ቤተ ሙከራ የሠለጠኑት ሳባቲዬ ደግሞ ዛሬ ነጠላ አቶሞችን ለሚመረምሩ ሳይንቲስቶች መርህ ያወረሱ መሆናቸው የታሪክ ምጸት ነው።

ሳባቲዬ በቦርዶ ለአንድ ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ በ1882 መጀመሪያ ወደ ቱሉዝ ተዛወሩ። መጀመሪያ ፊዚክስ፣ ቀጥሎም ኬሚስትሪ አስተማሩ። በ1884 ሙሉ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነው ሲሾሙ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ዓመት የሞላ ሲሆን፣ ይህም ለማዕረጉ የተደነገገው ዝቅተኛ ዕድሜ ነበር። በዚያው ዓመት ትዳር መሠረቱ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከቱሉዝ አልተለዩም።

ወደ ዋናው ግኝታቸው ያመራቸው በሌላ አገር የተገኘ ያልተጠበቀ ውጤት ነው። በ1890 በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ሉድቪግ ሞንድና ባልደረቦቻቸው ጠጣሩ ኒኬል ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ተዋህዶ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ እንደሚሆን አስታወቁ። ብረት ከጋዝ ጋር ተዋህዶ ሲተን ማየት የዘመኑን ኬሚስቶች ሁሉ አስደነቀ። ሳባቲዬ ኒኬል ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር እንዲህ የሚዋሃድ ከሆነ ከሌሎች ጋዞችም ጋር የማይዋሃድበት ምክንያት ምንድን ነው በሚል ሐሳብ ምርምራቸውን ጀመሩ። ከጎናቸውም አንድ ረዳት ነበሩ፤ እሳቸውም በቱሉዝ የካቶሊክ ተቋም ኬሚስትሪ የሚያስተምሩት ካህን አባ ዣን ባፕቲስት ሳንደራንስ ናቸው።

በ1896 ፓሪስ ውስጥ አንሪ ሟሳንና ሻርል ሙሩ የተባሉ ኬሚስቶች አሴቲሊን ጋዝን በኒኬል ዱቄት ላይ አሳልፈው ብረቱ እስኪግል ድረስ ከፍተኛ ሙቀት ሲፈጠር አዩ። እነርሱ ግን ነገሩን ጋዙ በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ በመታመቁ የመጣ ሙቀት ነው ብለው ተረጎሙት። ሳባቲዬ ሌላ ነገር ጠረጠሩ። ሆኖም ሌሎች በጀመሩት ሥራ ላይ ዘለው አልገቡም፤ ምርምሩን ይቀጥሉበት እንደሆነ ለሟሳን ጽፈው ጠየቁ። እንደማይቀጥሉበት ካረጋገጡ በኋላ ነው ሥራውን የጀመሩት። ይህ የጨዋነት እርምጃ የጥቂት ጊዜ መዘግየት ቢያስከትልም ውጤቱ በማንም የማይከራከሩበት የራሳቸው ሆነ።

በ1897 ሳባቲዬና ሳንደራንስ ከአሴቲሊን ይልቅ ረጋ ያለውን ኤቲሊን መርጠው በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ኒኬል ላይ አሳለፉት። ብረቱ ጋለ፣ ጥቁር የከሰል ዱቄትም ተከማቸ። በቱቦው ማዶ የወጣው ጋዝ ሲመረመር ግን አብዛኛው የጠበቁት ሃይድሮጂን ሳይሆን ኢቴን ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት የኤቲሊኑ ከፊል ተበታትኖ ሃይድሮጂን ሰጥቷል፤ ያም ሃይድሮጂን በኒኬሉ አማካይነት ከቀሪው ኤቲሊን ጋር ተዋህዷል። ሁለቱ ሰዎች ቀጥለው ኤቲሊንና ሃይድሮጂንን ቀላቅለው በዚያው ብረት ላይ ሲያሳልፉ ውህደቱ በመለስተኛ ሙቀት እንኳ ተካሄደ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለው ሥራ እንደ ፕላቲኒየም ያሉ ውድ ማዕድናትን ወይም ኃይለኛ ኬሚካሎችን ይጠይቅ ነበር። ኒኬል ግን ርካሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ውጤቶቹ በተከታታይ መጡ። በ1901 ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚገኘውን ቤንዜን በ180 ዲግሪ ገደማ ወደ ሳይክሎሄክሴን ለወጡት። ቤንዜን ሃይድሮጂን በቀላሉ የማይቀበል ግትር ውሁድ በመሆኑ ይህ ለጥርጣሬ ቦታ ያልሰጠ ድል ነበር። ሳይክሎሄክሴን ዛሬ ናይለን የሚሠራበት ዋና ጥሬ ዕቃ ነው። በ1902 ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሃይድሮጂን ጋር በኒኬል ላይ አሳልፈው ሁለቱንም ወደ ሚቴን መለወጥ ቻሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቃጠለ ነገር ሁሉ የመጨረሻ ቅሪት ነው፤ በራሱ አይነድም፣ በቀላሉም ከሌላ ነገር ጋር አይዋሃድም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቅሪት በ300 ዲግሪ ገደማ መልሰው የሚነድ ጋዝ አደረጉት። አንድ እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአራት እጅ ሃይድሮጂን ጋር ሲገናኝ አንድ እጅ ሚቴንና ሁለት እጅ የውኃ ተን ይገኛል።

መሣሪያቸው በአብዛኛው ከመስታወት ቱቦና ከማሞቂያ የማያልፍ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ብረቱን ማዘጋጀቱ ነው። ኒኬሉ ከኦክሳይዱ በሃይድሮጂን ተላቆ የሚገኝ እጅግ የላመ ዱቄት መሆን ነበረበት፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይሰንፋሉ። በዓይን የማይታይ የድኝ፣ የክሎሪን ወይም የብሮሚን ርዝራዥ ከነካው ደግሞ ሥራውን ያቆማል። ሳባቲዬ ይህን የብረት መመረዝ ብለው ገለጹት። ከድኝ ውሁድ በሚገባ ያልጠራ ቤንዜን ብቻውን ሙከራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገው ነበር።

ከግኝቶቹ ይበልጥ ዕድሜ ያገኘው ግን ለነገሩ የሰጡት ማብራሪያ ነው። ካታሊስት የኬሚካዊ አፀግብሮትን ፍጥነት እየጨመረ ራሱ ሳያልቅ የሚቀር ነገር ነው። ገዢንና ሻጭን አገናኝቶ ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ ቢባል ከእውነቱ አይርቅም፤ እንዲህ ያለ ደላላ በገበያ ባይገኝም። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ብረቱ ጋዞቹን በቀዳዳዎቹ ውስጥ አምቆ ከማቀራረብ የበለጠ ሥራ እንደሌለው ያምኑ ነበር። ሳባቲዬ በዚህ አልተስማሙም። በእሳቸው አመለካከት ደላላው ዳር ቆሞ አይመለከትም፤ ዕቃውን ለአፍታ በእጁ ይይዛል። ብረቱ ከጋዙ ጋር በገጹ ላይ ጊዜያዊ ውሁድ ይፈጥራል፣ ውሁዱም ወዲያው ፈርሶ ለሌላው ጋዝ ያስረክባል፣ ብረቱም ነፃ ወጥቶ ሌላ ይቀበላል። እንግዲህ ጥሩ ካታሊስት ጋዙን በጣም አላልቶ የያዘ ሊሆን አይችልም፤ ሥራው ሳይጀመር ያመልጠዋልና። በጣም አጥብቆ የያዘም ሊሆን አይችልም፤ ገጹ ተይዞ ይቀርና ተራ የሚጠብቀው ቦታ ያጣል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው ልክ ነው።

ያንን ጊዜያዊ ውሁድ በዘመኑ ማንም ሊያየው አልቻለም። ሐሳቡ በ1913 በወጣውና ስለ ካታሊስት በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በሚያብራራው መጽሐፋቸው ውስጥ ተዘርዝሮ ቀረበ እንጂ በማስረጃ የተረጋገጠው ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። በጠጣር ነገሮች ገጽ ላይ የሚካሄደውን ኬሚስትሪ ደረጃ በደረጃ ያሳዩት ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኤርትል በ2007 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የሳባቲዬ የግል ሕይወት በነዚያ የድል ዓመታት ከሐዘን ነፃ አልነበረም። የኤቲሊኑ ሙከራ ከተሳካ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ ባለቤታቸው አራት ሴቶች ልጆች ትተው አረፉ። ሥራቸውን ግን አላቋረጡም። በ1905 የቱሉዝ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆነው ተሾሙና እስከ 1929 ድረስ በኃላፊነቱ ቆዩ።

በ1907 የአሴቲሊኑን ምርምር የለቀቁላቸው ሟሳን አረፉ፤ የቀድሞ አለቃቸው በርቴሎም በዚያው ዓመት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሟሳን ወንበር ያለው በሶርቦን ነው። ለአንድ ፈረንሣዊ ኬሚስት ከዚያ የሚበልጥ ማዕረግ አልነበረም። ወንበሩ ለሳባቲዬ ቀረበላቸው፤ አልተቀበሉም። ዋጋውም የታወቀ ነበር። የፈረንሣይ የሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ለመሆን በፓሪስ መኖር በደንብ የተጠየቀ ግዴታ ስለነበረ፣ ቱሉዝን መምረጥ የአካዳሚውን በር በራስ ላይ እንደ መዝጋት ይቆጠር ነበር።

በቱሉዝ የቀሩት ግን እጃቸውን አጣጥፈው ለመቀመጥ አልነበረም። በዲንነታቸው ዘመን ከተማይቱ በተከታታይ ሦስት የተግባር ሳይንስ ተቋማት አገኘች፤ በ1906 የኬሚስትሪ፣ በ1907 የኤሌክትሮቴክኒክ፣ በ1909 ደግሞ የግብርና ተቋም ተቋቋሙ። አመራረጡ ከአካባቢው ኑሮ የተነሣ ነበር። ቱሉዝ የምትገኘው ከፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከተራሮቹ የሚወርደውን ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ሥራ እየተስፋፋ ነበር። ለዚህ የሚሆን መሐንዲስ ከፓሪስ እስኪላክ መጠበቅ ሳያስፈልግ በዚያው ማሠልጠን ተቻለ። አንድ የፋኩልቲ ዲን በመደበኛ የአስተዳደር ሥራ፣ በደብዳቤና በስብሰባ፣ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል የሳባቲዬ የሃያ አራት ዓመት አገልግሎት ያሳያል። በቤተ ሙከራ ታሪካቸው ላይ የሚያተኩሩ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል በአንድ መስመር ማለፋቸው ያሳዝናል።

የኖቤል ሽልማቱ በ1912 ሲመጣ አካዳሚው ራሱ ደንቡን ለማሻሻል ተገደደ። በ1913 ከፓሪስ ውጭ ለሚኖሩ ሳይንቲስቶች ስድስት አዲስ ወንበሮች ተፈጠሩ፤ በዚህ ሥርዓት መጀመሪያ የተመረጡትም ሳባቲዬ ናቸው። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲም በ1915 የዴቪ ሜዳሊያ ሸልሟቸዋል።

ሽልማቱ ግን አንድ ቅሬታ አስከትሏል። በኤቲሊኑ፣ በቤንዜኑና በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጥናቶች ላይ የአባ ሳንደራንስ ስም ከሳባቲዬ ስም ጎን ለጎን ተጽፏል። ስቶክሆልም ግን የጠራችው አንዱን ብቻ ነው። የኖቤል ደንብ አንድን ሽልማት ከሁለት በላይ ለሆኑ ሰዎች ማካፈልን አይከለክልም ነበርና ምክንያቱ የቦታ ጥበት አልነበረም። የንድፈ ሐሳቡ ባለቤት ሳባቲዬ መሆናቸው፣ ሳንደራንስም ትምህርታቸውን በእሳቸው ሥር የተከታተሉ መሆናቸው ለውሳኔው እንደ መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ይሁንና ብረቱን ያዘጋጁትና ቱቦውን የጠበቁት እጆች የአንድ ሰው ብቻ አልነበሩም። ሳባቲዬ በኖቤል ንግግራቸው የካህኑን ድርሻ ደጋግመው ጠቅሰዋል፤ ቅሬታው ግን በዚህ አልበረደም። የሁለቱ የጋራ ሥራ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ፈረንሣይ ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን በሕግ በለየችበት በ1905 አካባቢ፣ ተቋርጦ ነበር። ሳንደራንስ ምርምራቸውን ለብቻቸው ቀጥለው በ1937 አረፉ።

ከግኝቱ የሚገኘው ገንዘብም በአብዛኛው ወደ ሌሎች ሄዷል። ጀርመናዊው ዊልሄልም ኖርማን ፈሳሽ ዘይትን በኒኬልና በሃይድሮጂን ወደ ረጋ ቅባት የሚለውጥ ዘዴ በ1902 በፓተንት አስመዘገቡ። ማርጋሪን ወይም የአትክልት ቅቤ በገፍ መመረት የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ሚቴን የሚለውጠው አፀግብሮት ለብዙ ጊዜ ጠባብ አገልግሎት ብቻ ነበረው። ሃይድሮጂን ማምረት ውድ ነው፤ ሚቴን ደግሞ ከመሬት ውስጥ በርካሽ ይወጣል። ሁኔታው መለወጥ የጀመረው የነፋስና የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሲስፋፋና የአየር ንብረት ለውጥ ሲያሳስብ ነው። በ2010 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የተተከለ መሣሪያ የጠፈርተኞቹን ትንፋሽ ከሃይድሮጂን ጋር በማዋሃድ መልሶ ውኃ ያስገኝ ነበር። በ2013 ደግሞ በጀርመን ቬርልቴ በምትባል ከተማ የመኪና አምራቹ አውዲ በኤሌክትሪክ ኃይል ከውኃ የተለየ ሃይድሮጂንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህዶ ለመኪና የሚሆን ሚቴን ማምረቻ ከፍቷል።

ሌላው መንገድ ሃይድሮጂኑን ለብቻ ሳያመርቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቀጥታ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ብረት ላይ መለወጥ ነው። ጃፓናዊው ዮሺዮ ሆሪና ባልደረቦቻቸው በ1985 ልዩ ልዩ ብረቶችን ሲያነጻጽሩ መዳብ ሚቴን እንደሚሰጥ አስታወቁ። የሳባቲዬ ኒኬል ግን በዚህ ፈተና ወደቀ። በኤሌክትሪክ ሥር የሚፈጠረውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አጥብቆ ስለሚይዝ ገጹ ይደፈናል፤ የሚወጣውም በአብዛኛው ከውኃው የተለየ ሃይድሮጂን ብቻ ነው። ነገሩ ሳባቲዬ አጥብቆ ስለሚይዝ ካታሊስት ከተናገሩት ጋር አንድ ነው።

በ2011 ቻይናዊው ዣንግ ታኦና ባልደረቦቻቸው የፕላቲኒየም አቶሞችን በብረት ኦክሳይድ ላይ አንድ በአንድ በትነው ለዘርፉ የነጠላ አቶም ካታሊስት የሚለውን ስም ሰጡ። ቀጥለው የመጡ ተመራማሪዎች የኒኬል አቶሞችን ለየብቻ በናይትሮጂን ከበው በካርቦን ላይ ሲያስቀምጡ የብረቱ ጠባይ ተለወጠ። ጎረቤት ኒኬል የሌለው አቶም ካርቦን ሞኖክሳይዱን አላልቶ ይይዛል፣ ወዲያውም ይለቀዋል። በቤተ ሙከራ ከተላከው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከ90 በመቶ የሚበልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ በማምረት ላይ እንዲውል ማድረግ ተችሏል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ የነዳጅና የኬሚካል ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ነው። ሥራው ገና አልተጠናቀቀም፤ አቶሞቹ በጊዜ ብዛት ተሰባስበው ወደ ቅንጣት የመለወጥ አዝማሚያ አላቸው፣ የኤሌክትሪኩም ዋጋ ወሳኝ ነው። ዕጩ ብረቶች የሚመዘኑት ግን ዛሬም በሳባቲዬ መርህ ነው።

ፕሮፌሰር ሳባቲዬ በ1930 ጡረታ ቢወጡም በልዩ ፈቃድ ማስተማራቸውን ቀጥለዋል። ፈረንሣይ በጀርመን ጦር ተሸንፋ ለሁለት በተከፈለችበት ወቅት፣ ነሐሴ 14 ቀን 1941፣ በ86 ዓመታቸው በቱሉዝ አረፉ። የቱሉዝ ዩኒቨርሲቲ ኋላ ሲከፋፈል የሳይንሱ ክፍል ስማቸውን ለአሥርተ ዓመታት ይዞ ቆይቷል። የቆዩ የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ዘዴውን በሳባቲዬና በሳንደራንስ ስም ይጠሩት ነበር። በአዳዲሶቹ መጻሕፍት ውስጥ በአብዛኛው የቀረው የመጀመሪያው ስም ብቻ ነው።